«ትራፊክ»ን ዘግይታችሁ ልታዩት ከሆነ

«አንድ ቀን አየዋለሁ» እየተባሉ ዓመታት ከሚያስቆጥሩ ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የወጣው የስቲቨን ሶደርበርግ «ትራፊክ» ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱን ለሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ድቅን የሚለው የመንገድ ትራፊክ ነው፤ እዚህ ግን ዝውውር ማለት ነው፣ ያውም የአደንዛዥ ዕፅ። ርዝመቱ 147 ደቂቃ ነው። በ2001 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ለአምስት ሽልማት ታጭቶ አራቱን ወስዷል፦ ምርጥ ዳይሬክተር ሶደርበርግ፣ ምርጥ ረዳት ተዋናይ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ፣ ከሌላ ሥራ ተወስዶ ለተጻፈ ስክሪፕት ስቲቨን ጌጋን፣ ለኤዲቲንግ ስቲቨን ሚሪዮኒ። አምስተኛውን፣ የምርጥ ፊልምን ሽልማት፣ «ግላዲያተር» ወሰደው።

ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ዛሬ ቢታይ ያረካል ወይ? በደንብ ያረካል፤ ግን ተዘጋጅቶ ለተቀመጠ ሰው ነው። ስልክ እየነካኩ በግማሽ ልብ የሚታይ ፊልም አይደለም። በዚያ ላይ አብዛኛው ቴሌቪዥን ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ሴቲንግ ይህን ፊልም በተለይ ያበላሸዋል።

ታሪኩ በሦስት ቦታ ይሄዳል፤ ፊቶቹን አስቀድሞ ማወቅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያቀላል። ሜክሲኮ፣ ቲዋና ውስጥ ሀቪየር ሮድሪጌዝ (ዴል ቶሮ) እና ማኖሎ ሳንቼዝ (ጄኮብ ቫርጋስ) የተባሉ ሁለት የክልል ፖሊሶች አሉ። ገና ሲጀምር በረሃ ላይ ዕፅ የጫነ መኪና ይይዛሉ፤ ብዙም ሳይርቁ ጄኔራል ሳላዛር (ቶማስ ሚሊያን) ከወታደሮቹ ጋር ደርሶ ጭነቱንም እስረኞቹንም ይረከባቸዋል። ኦሃዮ ላይ ዳኛ ሮበርት ዌክፊልድ (ማይክል ዳግላስ) የአሜሪካ መንግሥት የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ የበላይ ኃላፊ ሆኖ ይሾማል፤ እሱ ዋሽንግተን ሲመላለስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነችው ልጁ ካሮላይን (ኤሪካ ክሪስቴንሰን) ከጓደኞቿ ጋር ኮኬይን ታጨሳለች። ሳን ዲዬጎ ላይ ደግሞ ሄሌና አያላ (ካትሪን ዜታ ጆንስ) የተባለች ነፍሰ ጡር አለች፤ ባሏ ካርሎስ ከቤቱ በካቴና ታስሮ ሲወሰድ የተንደላቀቀ ኑሯቸው ከየት እንደመጣ ያኔ ይገባታል። ባሏን ያስያዘው ኤድዋርዶ ሩዊዝ (ሚጌል ፌረር) ፍርድ ቤት ቀርቦ እስኪመሰክር ሆቴል ውስጥ ይጠበቃል፤ የሚጠብቁት ሞንቴል ጎርደን (ዶን ቺድል) እና ሬይ ካስትሮ (ልዊስ ጉዝማን) የዲኢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር ኤጀንሲ፣ መርማሪዎች ናቸው።

አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ሁሉም ከዚያው ንግድ አንድ አንድ ጥግ ያያል፤ ሙሉውን የሚያየው ተመልካቹ ብቻ ነው። የፊልሙ ትልቁ ጉልበት ይህ ነው፣ ብዙ ሰው ሃያኛው ደቂቃ ላይ ተሰላችቶ የሚያቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቦታ ስም በጽሑፍ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ከዚያ ውጭ መንገድ የሚመራችሁ ቀለሙ ነው።

ቢጫ ካያችሁ ሜክሲኮ ናችሁ። ሰማያዊ ካያችሁ ኦሃዮ ወይም ዋሽንግተን ናችሁ። ፀሐይ የጠገበ፣ ለስለስ ያለ ብርሃን ካያችሁ ሳን ዲዬጎ ናችሁ። ካሜራውን የያዘው ሶደርበርግ ራሱ ነው፤ በሲኒማቶግራፈርነት የተጻፈው «ፒተር አንድሩስ» የሚለው ስም ከአባቱ ስም የተበደረው ነው። ቀለሙንም በዋናነት ያመጣው በካሜራውና በላብራቶሪ ነው፤ ዛሬ ማንም በኮምፒውተር በደቂቃ የሚለጥፈው «የሜክሲኮ ቢጫ» ከዚህ ፊልም በኋላ የተስፋፋ ልማድ ነው፣ አብዛኛው ቅጂም የመጀመሪያውን አያህልም።

ምክንያቱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ለሜክሲኮው ክፍል ሌንሱ ላይ የትምባሆ ቀለም ፊልተር ገጥሟል፤ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋውን የካሜራ ክፍል፣ ደግሞ ወደ 45 ዲግሪ አጥብቦታል። የፊልም ካሜራ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀርጽ፣ ሹተሩ በተለመደው 180 ዲግሪ ከተከፈተ እያንዳንዱ ፍሬም ለ1/48 ሰከንድ ብርሃን ያገኛል። 45 ዲግሪ ላይ 1/192 ሰከንድ ብቻ ነው፣ ማለትም ሩቡን። በተለመደው ሹተር የሚወናጨፍ እጅ ትንሽ ብዥ ይላል፤ ዓይናችን ያንን ብዥታ እንደ ለስላሳ እንቅስቃሴ ይቀበለዋል። በጠባቡ ሹተር ግን እያንዳንዱ ፍሬም ጥርት ብሎ ይቆማል፣ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፣ መኪና የሚያስነሣው አቧራ ቅንጣት በቅንጣት ይታያል። በሜክሲኮው ክፍል ምንም ሳይፈጠር ሰውነት የሚጨናነቀው አንድም በዚህ ነው። በላዩ ላይ ምስሉ ኤክታክሮም በሚባል የስላይድ ፊልም በኩል እንዲያልፍ ስለተደረገ ጥላው ጠቁሯል፣ ብርሃኑ ነድዷል፣ ግሬይኑ፣ ማለትም የፊልሙ ደቃቅ ነጠብጣብ፣ ጎልቷል።

የኦሃዮው ሰማያዊ ከዚህ የቀለለ ዘዴ ነው። ተንግስተን የሚባለው ፊልም ለአምፖል ብርሃን፣ ለ3200 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ተመጥኖ የተሠራ ነው። በቀን ብርሃን ሲቀረጽበት ቀለሙን የሚያስተካክል ብርቱካናማ ፊልተር ካልተገጠመ ሁሉ ነገር ይሰማየዋል። ፊልም ትምህርት ቤት ውስጥ ስህተት የሚባለውን ሶደርበርግ ሆን ብሎ ተወው፤ የዌክፊልድ ቤት የተሟላ የሀብታም ቤት ሆኖ ሳለ የሚበርደው ለዚህ ነው። ለሳን ዲዬጎ ፍላሺንግን ተጠቀመ፦ ኔጋቲቩን ከቀረጻው በተጨማሪ በስሱ ለብርሃን ማጋለጥ ነው፤ ጥላው ይሳሳል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል።

እንግዲህ ወደ ቴሌቪዥናችሁ። «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» የሚለው የምስል ምርጫ ቢጫውን ወደ ብርቱካን ይገፋውና የዴል ቶሮ ፊት ላይ ያለው ዝርዝር ሁሉ ይነድዳል፤ ወደ «ሲኒማ»፣ «ሙቪ» ወይም «ፊልምሜከር» ቀይሩት። ሞሽን ስሙዚንግ፣ እንደየብራንዱ ስሙ የሚለያየው የእንቅስቃሴ ማለስለሻ፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ይህ ነገር በሁለት ፍሬም መካከል ራሱ የፈጠረውን ፍሬም ይሰካል፤ ዳይሬክተሩ በ45 ዲግሪ ሹተር የቆራረጠውን ማሽኑ መልሶ ይሰፋዋል ማለት ነው። ኖይዝ ሪዳክሽንም ይጥፋ፤ ግሬይኑን ቆሻሻ ነው ብሎ ሲጠርገው የሰው ፊት ሰም ይመስላል። አራተኛው ነገር በክፍሉ ብርሃን ልክ የሚደምቅና የሚደበዝዘው ሴንሰር ነው፤ ሰማያዊዎቹን ትዕይንቶች ጨለማ ስለሚያደርጋቸው እሱም ይጥፋ። አራቱን ነገር አስተካክሎ መቀመጥ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ በፊልሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ቅጂውን ከመቀየር አይተናነስም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተቀየረበትን ቅጂ እለፉት። ሜክሲኮውያኑ እርስ በርሳቸው በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት፤ ሀቪየር ወደ እንግሊዝኛ በሚዞርባት ቅጽበት ከማን ፊት እንደቆመና ምን ያህል እንደሚያምነው ከአነጋገሩ ይታወቃል። ሁሉም በአንድ ቋንቋ ከተናገረ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ዴል ቶሮ የተወለደው ፖርቶ ሪኮ ነው፤ የሜክሲኮን አነጋገር ለዚህ ፊልም ሠርቶ ነው ያመጣው። ቅጂያችሁ ደህና መሆኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ፦ የመጀመሪያው የበረሃ ትዕይንት በስፓኒሽ ነው። ሁለቱ ፖሊሶች መኪና ውስጥ ሆነው ሲያወሩ ከታች የትርጉም ጽሑፍ ካልወጣ «ቆይቶ ይመጣል» ብላችሁ አትለፉ፤ አቁማችሁ ሰብታይትሉን አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ለሙሉ ፊልሙ የሚሆነው ሰብታይትል ሲጠፋ ለስፓኒሹ ብቻ የሚወጣውም አብሮ መጥፋቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አንቀጽ አንድ ትልቅ ምስጢር ያወጣል፤ ሳታውቁ ማየት የምትፈልጉ ዝለሉት። ጄኔራል ሳላዛር የቲዋናን ካርቴል፣ ማለትም የዕፅ ነጋዴዎች ቡድን፣ የሚያሳድደው አገሩን ሊያጸዳ አይደለም፤ የሚሠራው ለተፎካካሪው ለሁዋሬዝ ካርቴል ነው። ይህ ከስክሪፕት ጸሐፊ ጭንቅላት የወጣ ማጋነን የሚመስለው ሰው ካለ፣ ጄኔራል ሄሱስ ጉትዬሬዝ ሬቦዮ በታኅሣሥ 1996 የሜክሲኮ የፀረ ዕፅ ተቋም ኃላፊ ሆኖ ተሹሞ፣ በየካቲት 1997 የሁዋሬዝ ካርቴልን መሪ አማዶ ካሪዮ ፉዌንቴስን ይከላከል ነበር ተብሎ ታስሯል። በነዚያ ጥቂት ሳምንታት መካከል የአሜሪካው አቻው ባሪ ማካፍሪ በአደባባይ አመስግኖት ነበር። ፊልሙ ውስጥ ዌክፊልድ ሳላዛርን አግኝቶ ሱሰኞችን ስለማከም ይጠይቀዋል፤ የጄኔራሉ መልስ ሱሰኛ ከመጠን በላይ ወስዶ ሲሞት ራሱን አከመ ማለት ነው የሚል ነው። ሚሊያን ይህን የሚናገረው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው በተረጋጋ ድምፅ ነው።

ዕፅን እንደ ገበያ ማየት፣ ፊልሙ ከብዙ ተከታዮቹ የሚበልጠው በዚህ ነው። በጣም ግልጽ አድርጎ የሚያስቀምጠው እስረኛው ሩዊዝ ነው። ለሞንቴልና ለሬይ የሚነግራቸው፣ እሱን የያዙት ጎበዝ ስለሆኑ ሳይሆን ተፎካካሪው ስለጠቆመ እንደሆነ፣ እነሱም ሳያውቁት ለዚያኛው ቡድን መንገድ እየጠረጉለት እንደሆነ ነው። የሰሜን አሜሪካው የነፃ ንግድ ስምምነት፣ በ1994 ሥራ ላይ የዋለው፣ ድንበሩን ለቁጥጥር ይበልጥ እንዳከበደው ይጨምርላቸዋል። ፌረር ይህን ሁሉ የሚለው ተሸናፊ ሆኖ ተቀምጦ ነው፤ ክርክሩን ግን እሱ ያሸንፋል፣ የሁለቱ መርማሪዎች ፊትም ያውቀዋል።

ሌላዋ ትዕይንት አጭር ናት፤ ሰው ሳያስተውላት ያልፋታል። ሁለት አሜሪካውያን ቱሪስቶች ቲዋና ላይ መኪናቸው ተሰርቆባቸው ወደ ሀቪየር ይመጣሉ። እሱ ሪፖርት አይጽፍም፤ አንድ ስልክ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የዚያ ስልክ ባለቤት መኪናውን ያገኝላቸዋል። እንዴት ያውቃል ሲሉት ፖሊሶቹ ይነግሩታል ይላቸዋል፤ እነሱ ለሰውየው ይከፍላሉ፣ ሰውየው ለፖሊስ ይከፍላል። ሴትየዋ ሲገባት ዴል ቶሮ አያፍርም፣ ፈገግም አይልም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ደመወዙ፣ ስለ አለቆቹ፣ ስለ ከተማው አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉንም አወቅን። የሄሌና አሻንጉሊትም እንደዚያ ነው፦ ኮኬይን የታጨቀበት አሻንጉሊት ይዛ የመጣች ይመስላል፤ በእርግጥ ግን አሻንጉሊቱ ራሱ ተጨፍልቆ ቅርጽ የወጣለት ኮኬይን ነው።

ስለ ትወናው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የዴል ቶሮ ሽልማት ይገባው ነበር። ተዋናዩ ሁልጊዜ ከሚጠበቀው በታች ነው የሚናገረው። ከዲኢኤ ሰዎች ጋር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የሚደራደርባትን ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩዋት፤ ሁሉም በዋና ልብስ ስለሆነ መቅጃ የሚደበቅበት የለም። የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም። የሰፈሩ ልጆች ማታ ቤዝቦል እንዲጫወቱ ሜዳው መብራት እንዲገባለት ነው። ቺድልና ጉዝማን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ቤት ሲጠብቁ የሚነታረኩትም ልክ እንደ ቆየ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ያ ባይኖር ኋላ የሚሆነው ነገር እንዲያ አይጎዳም ነበር።

ማይክል ዳግላስ ጥሩ ነው፤ የተጻፈለት ግን ከሌሎቹ ይሳሳል። የሱ ክፍል የሚበረታው ሶደርበርግ ልብ ወለዱን ከእውነተኛ ሰዎች ጋር ሲቀላቅለው ነው። የዋሽንግተኑ ግብዣ ላይ በጆሮው ዙሪያ የሚያወሩት ሰዎች ተዋናዮች አይደሉም፤ ሴናተር ኦሪን ሀች፣ ሴናተር ባርባራ ቦክሰር፣ ሴናተር ሃሪ ሪድ እና የቀድሞው የማሳቹሴትስ ገዢ ቢል ዌልድ ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ የየራሱን መድኃኒት ያዝዝለታል፣ አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ያለው የአውሮፕላን ትዕይንት የክፍሉ ምርጥ ነው፦ ዌክፊልድ ባለሥልጣናቱን ሰብስቦ አዲስ ሐሳብ አምጡ ይላል፤ የሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሕክምናን የሚወክል ሰው ማን እንዳለ ሲጠይቅም አውሮፕላኑ ውስጥ አንድም የለም።

ጉድለቱ ላይ ዝም ማለት ተገቢ አይሆንም። የሄሌና ለውጥ በጣም ይፈጥናል፤ ምንም የማታውቅ እመቤት ከነበረችበት ሰው ለማስገደል ወደምትደራደርበት ለመድረስ ጥቂት ትዕይንት ብቻ ነው የተሰጣት፣ ዜታ ጆንስ በቁጣዋ ክፍተቱን ትሸፍናለች እንጂ ጽሑፉ አይረዳትም። የካሮላይን ውድቀት የበለጠ ያስቸግራል። ፊልሙ የጥልቀቱን መጨረሻ ለማሳየት የመረጠው ነጭ የባለጸጋ ልጅ በጥቁር ዕፅ ሻጭ አልጋ ላይ መተኛቷን ነው፤ በ2000 ተመልካቹን ለማስደንገጥ የታሰበው ምስል ዛሬ የሚያስደነግጠው በሌላ ምክንያት ነው። ሴት የተባለው ወንድ ጓደኛዋ (ቶፈር ግሬስ) መኪና ውስጥ ለአባቷ የሚናገረው አለ፦ ከየሀብታም ሰፈሩ የሚመጡ ነጮች ቀኑን ሙሉ ዕፅ ፍለጋ እዚህ ሲያንዣብቡ የሰፈሩ ገበያ ምን እንደሚሆን። ትክክለኛ ነገር ነው። ግን የሰፈሩ ነዋሪ አፍ የለውም፤ ስለነሱ የሚናገርላቸውም ዕፅ ሊገዛ የመጣው ልጅ ነው።

ከጊዜው ያለፈም አለ። የፊልሙ ሸቀጥ በዋናነት ኮኬይን ነው፣ ከእርሻ የሚመጣ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚገድለው ፌንታኒል ማሳ አይፈልግም፤ ከኬሚካል ይሠራል። በ2006 መጨረሻ የሜክሲኮ መንግሥት ጦሩን በካርቴሎች ላይ ካዘመተ በኋላ የመጣው ደም መፋሰስም ከፊልሙ ዓለም እጅግ የሰፋ ነው። የሩዊዝ ክርክር ግን በዚህ ሁሉ አልተነካም፤ እንዲያውም ጠነከረ።

ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም። መርፌ መውጋት፣ እስረኛ ማሠቃየት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ለዕፅ ብላ ሰውነቷን ስትሸጥ ይታያል። ከሱስ እያገገመ ላለ ሰው ደግሞ የካሮላይን የመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ይከብዳሉ፤ ካሜራው ደስታዋን በቅርብ ነው የሚቀርጸው፣ ስለዚህ አስቀድሞ ቢነገረው ይሻላል።

ዲስክ ለሚሰበስብ ሰው ክራይቴሪየን የተባለው የፊልም ዲስክ አሳታሚ ያወጣው እትም ተመራጭ ነው። የተቆረጡ ትዕይንቶችና የአዘጋጆቹ ማብራሪያዎች አሉበት፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የሜክሲኮው ምስል በላብራቶሪ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው አጭር ክፍል ነው። መጀመሪያ ፊልሙን፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ የበረሃውን መክፈቻ እንደገና እዩት።

ፊልሙ ራሱ የመጣው በ1989 የብሪታንያው ቻናል ፎር ካሳየው «ትራፊክ» ከተሰኘ ባለ ስድስት ክፍል ተከታታይ ድራማ ነው፤ በእንግሊዝኛው ርዕሶቹን የሚለያያቸው የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። ሸቀጡ እዚያ ሄሮይን ነው፣ መንገዱም ከፓኪስታን በጀርመን በኩል እስከ ብሪታንያ። ዳኛው እዚያ ሚኒስትር ነው፣ ሄሌና ሀምቡርግ ላይ ሄለን ናት። ሀቪየርን ግን አታገኙትም። በሱ ቦታ ያለው ፋዛል (ጀማል ሻህ) የተባለ ኦፒየም አብቃይ ገበሬ ነው፤ ማሳው ሲጠፋበት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካራቺ ይወርድና ለዕፅ ነጋዴ ተቀጥሮ ይሠራል። ሶደርበርግና ጌጋን ገበሬውን አውጥተው ፖሊስ አስገቡ፤ ድንቅ ገጸ ባሕርይ አገኙ፣ የንግዱ የመጀመሪያ እጅ ግን ከስክሪኑ ወጣ። ሁለቱን ማየት የሚፈልግ ከፊልሙ ይጀምር፤ ተከታታዩን በሁለት ምሽት፣ ሦስት ሦስት ክፍል አድርጎ ይየው፣ የፋዛልን ማሳም ልብ ብሎ ይመልከት።